የሙያ ኮቺንግ፦ ምንነቱ፣ ወሰኑና የኮች አመራረጥ

በአገራችን የአንድ ተማሪ የከፍተኛ ትምህርት መስክ የሚወሰነው በከፊል በራሱ ፍላጎት፣ በከፊል ደግሞ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱና ተቋማቱ ባላቸው የቅበላ አቅም ነው። ተማሪው ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ያስመዘግባል፤ ምደባው ግን ውጤትን፣ ቦታንና የመንግሥትን የትምህርት ፖሊሲ አገናዝቦ ይመጣል። ለበርካታ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው «ሰባ ሠላሳ» የተባለው የቅበላ ምጣኔም ከመቶው ተማሪ ሰባውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች የሚመራ ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙው ምሩቅ ስለ ሙያው በራሱ የሚወስንበት የመጀመሪያው እውነተኛ አጋጣሚ የሚመጣው ትምህርቱን ከጨረሰ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ ወቅት መካሪ አይጠፋም። ወላጅ የመንግሥትን ቋሚ ሥራ ያስቀድማል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የኮምፒውተር ሙያ እንዲማር ይገፋፋል፤ ጓደኛ የጋራ ንግድ ይጠቁማል፤ መምህር ሁለተኛ ዲግሪ እንዲቀጥል ያበረታታል። ሁሉም በጎ አሳቢዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ነገሩን የሚያዩት ከቆሙበት ቦታ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእነዚህ መካሪዎች ጎን «የሙያ ኮች» የሚል መጠሪያ የያዘና ለአገልግሎቱ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ብቅ ብሏል። አንዱ በሦስት ወር ውስጥ ሥራ አስይዛለሁ ይላል፤ ሌላው በአንድ ፈተና ተሰጥኦህን እነግርሃለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ተስፋ ሳይሰጥ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ገና የመጀመሪያ ደመወዙን ያልተቀበለ ምሩቅ ገንዘቡን ለየትኛው እንደሚከፍል ለመለየት ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ የሙያ ኮቺንግ ከምን እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያበቃ ለማብራራት ይሞክራል። መነሻ ሐሳቡም ኮች የሚመረጠው በሚሰጠው ተስፋ ወይም በዝናው ሳይሆን በአሠራሩና ለሥራው ባበጀው ወሰን ነው የሚል ነው።

የቃሉና የሐሳቡ አመጣጥ

ኮች የሚለው ቃል መነሻ በሃንጋሪ አገር የሚገኝ፣ ስሙም ኮች የተባለ መንደር ነው። መንደሩ ምቹ ሠረገላዎችን በመሥራት ስለታወቀ የሠረገላው መጠሪያ ከመንደሩ ስም ተወስዶ ወደ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ መልክ በዚሁ ስም ጠሩት፤ ሠረገላ መንገደኛን እንደሚያደርስ ሁሉ አስጠኚውም ተማሪውን ከፈተናው ማዶ ያደርሰዋልና። ስፖርቱ ቃሉን የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ «አሠልጣኝ» ብንለው የእግር ኳስ ሜዳና ታዝዞ መሮጥ ወደ አእምሯችን ይመጣሉ፤ «አማካሪ» ብንለው ደግሞ መልሱን የሚሰጠን ሰው እንጠብቃለን። ሁለቱም ለነገሩ በልኩ ስላልተሰፉ በዚህ ጽሑፍ ኮች የሚለውን ቃል እንዳለ መጠቀም ተመርጧል።

ሐሳቡ ከቃሉ የተለየ የትውልድ ሐረግ አለው። በተደራጀ መልክ የሙያ ምክር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሙያ ቢሮ ሲከፍት ነው ማለት ይቻላል። ከተማዋ ከየአገሩ በመጡ ስደተኞችና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የተሞላች ነበረች፤ ወጣቱ ያገኘውን ሥራ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ሌላ ይይዛል። ፓርሰንስ በዚያው ዓመት አረፈ፤ ስለ ሙያ አመራረጥ የጻፈው መጽሐፍም በ1909 ለኅትመት በቃ። በመጽሐፉ ያስቀመጣቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው፦ ራስን በሚገባ ማወቅ፣ የሥራዎችን ጠባይ፣ መስፈርትና ዕድል ማወቅ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በእውነት ማመዛዘን። እነዚህ ነጥቦች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተውም ኮችን ለመመዘን ያገለግላሉ። ስለ ራስ ብቻ እያወሩ ስለ ሥራ ገበያው ምንም የማይሉ፣ ወይም ስለ ገበያው ብቻ እያወሩ ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው የማያዩ ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለምና።

ከፓርሰንስ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ሐሳቡን በየአቅጣጫው አስፍተውታል። ጆን ሆላንድ ከ1959 ጀምሮ የሰዎችን ዝንባሌና የሥራ አካባቢዎችን በስድስት ዓይነቶች መድቦ የሁለቱን መጣጣም ለማጥናት መንገድ ከፈተ። ዶናልድ ሱፐር ሙያ አንድ ቀን ተመርጦ የሚያበቃ ጉዳይ ሳይሆን ከልጅነት እስከ ጡረታ የሚያድግ ነገር መሆኑን አሳየ። ጆን ክሩምቦልትዝና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1999 ያልታሰበ አጋጣሚ በሰው የሙያ ሕይወት ውስጥ ያለውን ድርሻ አንሥተው፣ የባለሙያው ተግባር ተገልጋዩን አጋጣሚ እንዲፈጥርና ሲመጣም እንዲጠቀምበት ማዘጋጀት ነው አሉ። ይህ የመጨረሻው አስተሳሰብ የሥራ ማስታወቂያ በሚያንስበትና ብዙው ነገር በትውውቅ በሚሠራበት አካባቢ ከስድስቱ ዓይነቶች ምደባ ይልቅ የሚጠቅም ይመስላል።

ኮቺንግ የሚባለው ዘዴ ከሌላ ወገን መጥቶ ከዚህ ጋር ተገናኘ። የቴኒስ አሠልጣኙ ቲሞቲ ጋልዌይ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የተጫዋቹ ትልቁ ተቃራኒ በራሱ ውስጥ ያለው መሆኑን ሲያስረዳ፣ ጆን ዊትሞር ደግሞ በ1992 ሐሳቡን ወደ ሥራ ዓለም አሻግሮ ግብን፣ ያለውን ሁኔታ፣ አማራጮችንና ቁርጠኝነትን በቅደም ተከተል የሚጠይቅ ቀላል አካሄድ አስፋፋ። ዛሬ የሙያ ኮቺንግ የምንለው የፓርሰንስ ሦስት ነጥቦች በዚህ የአጠያየቅ ዘዴ ሲሠሩ ነው።

ኮች ምን ይሠራል?

በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀ አንድ ወጣት እንውሰድ። «ምን ዓይነት ሥራ ልያዝ?» ብሎ ይመጣል። ሥራውን የሚያውቅ ኮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አይቸኩልም፤ በትምህርት ዘመኑ ጊዜው ሳይታወቀው ያለፈባቸውን ሦስት ሥራዎች በጽሑፍ አስፍሮ እንዲመጣ ይጠይቀዋል። ወጣቱ የጻፈው፣ የመመረቂያ ጥናቱን መረጃ በኮምፒውተር ሲያደራጅ ያነጋበትን ሌሊት፣ በተግባር ልምምድ ወቅት ለአርሶ አደሮች ገለጻ ያደረገበትን ቀንና የጓደኞቹን ዘገባ እያረመ የሰጠበትን ሳምንት ነው እንበል። ኮቹ የሦስቱን የጋራ ባሕርይ ራሱ ወጣቱ እንዲፈልግ ያደርገዋል። «የተዘበራረቀን መረጃ ለሌላ ሰው ግልጽ ማድረግ» የሚል መልስ ከወጣ፣ ቀጣዩ ጥያቄ በግብርናው ዘርፍ ለዚህ ችሎታ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ይሆናል፦ የምርምር ተቋማት፣ የልማት ፕሮጀክቶች የክትትልና ግምገማ ክፍሎች፣ የግብርና ግብዓት አቅራቢ ድርጅቶች። ወጣቱ በዚህ መስክ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ፈልጎ የተለመደ የሥራ ቀናቸው ምን እንደሚመስል፣ በምን በኩል እንደገቡና የጎደላቸው ዕውቀት ምን እንደነበረ ጠይቆ እንዲመጣ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ በሚደረገው ውይይት የሚመዘነው ይህ ያመጣው ነገር ነው።

ወጣቱ ታናሽ እኅቱን የማስተማር ኃላፊነት ካለበት ይህም በውይይቱ ቦታ ይኖረዋል። «ሕልምህን ተከተል» የሚለው ከየስብሰባ አዳራሹ የሚሰማው መፈክር የቤተሰብን ግዴታ እንደ እንቅፋት ይቆጥራል። የጠንቃቃ ኮች አካሄድ ግን ሌላ ነው፤ ግዴታውን ከውሳኔው ግብዓቶች እንደ አንዱ ወስዶ አሁን ገቢ የሚያስገኘው ሥራ ወደሚፈለገው ሙያ የሚያቀርብ ወይም የሚያርቅ መሆኑን ከወጣቱ ጋር ይመረምራል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ጉዳይ መነሣት ይገባዋል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል ሰው ችሎታውን በአፉ እንዳያወራ፣ በሥራው እንዲያሳይ ያስተምራል። መልካም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን በቃለ መጠይቅ ፊት ተቀምጦ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል የተወለደበትን ቦታና የተማረበትን ትምህርት ቤት ተናግሮ ዝም የሚለው ምሩቅ በከፊል የዚህ አስተዳደግ ልጅ ነው። የኮች አንዱ ከባድ ሥራ ተገልጋዩ ሳይኩራራና ሳይዋሽ፣ «ይህን አደረግሁ፤ ይህን አስገኘ» ብሎ በእውነተኛ ማስረጃ እንዲናገር ማለማመድ ነው። ይህን ልምምድ የተዘጋጀ የሥራ ማመልከቻ ወይም የተገዛ የሕይወት ታሪክ ቅጽ አይተካውም።

የት ላይ ያበቃል?

ኮች አርአያ ከሚሆን የሙያ ታላቅ ይለያል። የሙያ ታላቅ በራሱ ካለፈበት ልምድ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነበር» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ ነው። በሒሳብ አያያዝ ሙያ ለመቀጠል ወስኖ እንዴት እንደሚቀጥል ብቻ የጠፋበት ሰው ኮች ሳይሆን ሃያ ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንዲሁም እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የተገለለ፣ ተስፋ የቆረጠ ምሩቅ ችግሩ የሙያ ምርጫ ቢመስልም በቅድሚያ ሊያየው የሚገባው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ይህን ለይቶ ወደሚመለከተው ባለሙያ የማይመራ ኮች ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ከደላላ ጋር ያለው ድንበር ነው። ኮች ሰውን ከራሱ ውሳኔ ጋር ያገናኛል፤ አገናኝ ኤጀንሲ ደግሞ ሥራ ፈላጊን ከአሠሪ ጋር ያገናኛል። የሁለቱ ሥራ የተለያየ በመሆኑ የሚገዙበትም ደንብ የተለያየ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ1999 ያጸደቀችው የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ስምምነት ቁጥር 181 በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ወጪው የአሠሪው ነው። እንግዲህ ራሱን ኮች ብሎ «ሥራ አስገባሃለሁ፤ ቅድሚያ ክፈል» ወይም «ከመጀመሪያ ደመወዝህ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው የኮችን ስም ለብሶ የደላላን ሥራ እየሠራ ነው። ወደ ውጭ አገር ሥራ የሚደረግ ጉዞ በዚህ ስም ሲቀርብ አደጋው የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

የሙያ ምክር ፋይዳ በስሜት ብቻ የሚነገር አይደለም። ብራውንና ራያን ክሬን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው በመተንተን ለውጤት ወሳኝ የሆኑ አምስት ነገሮችን ለይተዋል። እነዚህም በጽሑፍ የሚሠራ ልምምድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሰጥ ግብረ መልስ፣ ስለ ሥራ ዓለም የሚቀርብ መረጃ፣ በተመሳሳይ ውሳኔ ውስጥ ያለፉ ሰዎችን አርአያነት ማየትና ውሳኔውን የሚደግፉ ሰዎችን በዙሪያ ማሰባሰብ ናቸው። በ2017 በዊስተንና ባልደረቦቿ የተሠራው ተከታይ ትንተና ደግሞ ባለሙያው ለተገልጋዩ የሚሰጠውን ድጋፍና ሰውዬው የሚያከብራቸውን ዕሴቶች ለይቶ እንዲያውቅ መርዳትን ከፍ አድርጎ አሳይቷል። ያለ ባለሙያ በኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩ መመዘኛዎች በአንጻሩ ደካማ ውጤት እንዳላቸው ተደጋግሞ ታይቷል።

እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ላይ መሆኑን አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። ሥራ በብዛት በሚገኝበት ገበያ የተለካው ውጤት በእኛ አገር በዚያው መጠን ይደገማል ማለት አይቻልም። ሆኖም አምስቱ ነገሮች ኮችን ለመጠየቅ የሚያገለግሉ መሆናቸው አልቀረም፦ የምንጽፈው ነገር አለ? ለእኔ ብቻ የሚሰጥ ግብረ መልስ አለ? ስለ ገበያው መረጃ ከየት ይመጣል?

ስለ ስብዕና መመዘኛዎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ማየርስ ብሪግስ በሚል ስም የታወቀው ሰዎችን በአሥራ ስድስት ዓይነት የሚከፍለው መመዘኛ በጣም ተወዳጅ ነው። ነገር ግን ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲፈተን በሌላ ዓይነት ሥር የሚመደብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የመመዘኛው ባለቤቶች ራሳቸውም ለሠራተኛ ቅጥር መምረጫ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። የውይይት መክፈቻ ሊሆን ይችላል፤ የፍርድ ወረቀት ሲሆን ግን ከኮከብ ቆጠራ እምብዛም አይለይም።

ኮችን ስለ መምረጥ

በአብዛኛው ዓለም ኮች የሚለው መጠሪያ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ ማንም ሊጠራበት ይችላል። ክፍተቱን ለመሙላት የሙያ ማኅበራት የየራሳቸውን የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ከእነዚህ ታዋቂው በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ሲሆን ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ለመነሻው ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ፣ ለሁለተኛው 125 ሰዓት ሥልጠናና 500 ሰዓት ልምድ፣ ለከፍተኛው 200 ሰዓት ሥልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። የምስክር ወረቀቱ ሰውዬው ማድመጥንና መጠየቅን እንደተለማመደ ይናገራል። ስለ ኢትዮጵያ የሥራ ገበያ ማወቁን ግን አያረጋግጥም። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ተቀምጦ በስልክ የሚያገለግል የተመሰከረለት ኮች፣ በአዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ ላያውቅ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ወደ ውጭ አገር ለሄደ ምሩቅ የትምህርት ማስረጃ አቻ ግመታንና የሙያ ፈቃድ ፈተናን የማያውቅ ኮች ብዙ አይረዳውም።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚደረገው የመጀመሪያ ውይይት ትልቅ ቦታ አለው። ብዙ ኮቾች ይህን አጭር ውይይት በነጻ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ ምሩቁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በመካከሉ ምን ዓይነት የቤት ሥራ እንደሚኖር፣ በእርሱ መስክ ካሉ ሰዎች ጋር ኮቹ ምን ያህል እንደሠራና ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ። «እስኪ እናያለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ የብራውንና የራያን ክሬን ትንተና ውጤቱ እስከ አራትና አምስት ክፍለ ጊዜ ድረስ እንደሚያድግ አመልክቷልና ለአንድ የምርጫ ጥያቄ የዓመት ውል የሚያስፈርም ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «እርስዎ የማይሠሩት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ወሰኑን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ፈጥኖ ይመልሳል።

ውሉ አንድ ገጽ ቢሆንም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ክፍያውን፣ የክፍለ ጊዜውን ብዛት፣ ማቋረጥ ሲፈለግ የሚመለሰውን ገንዘብና የምስጢር አጠባበቁን ይያዝ። ክፍያውን ወላጅ ወይም አሠሪ የሚሸፍን ከሆነ የምስጢሩ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምሩቁ የተናገረው ለከፋዩ ይነገር ወይም አይነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የመገናኛ ቦታውም ቢሮ ወይም ሰው የሚበዛበት ስፍራ መሆኑ ተገቢ ነው። በተለይ ሴት ምሩቃን «የሥራ ትውውቅ» በሚል ሽፋን ወደ ምሽት ቀጠሮ የሚጋብዝ ሰው ሲያጋጥማቸው ግንኙነቱን ወዲያውኑ ማቋረጥ ይገባቸዋል።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ መመዘን ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የተናገረው ማን ነበር? ኮቹ የራሱን የስኬት ታሪክ ሲተርክ ሰዓቱ ካለቀ የተገዛው ንግግር ነው። ምሩቁ ሲወጣ በእጁ የሚሠራ ነገር ይዟል ወይስ የተነቃቃ ስሜት ብቻ? ስሜቱ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

ለዚህ ምዘና በእኛ ዘንድ እንቅፋት የሚሆነው ይሉኝታ ነው። ኮቹ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ምሩቁ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» እያለ ያልተስማማበትን ሁሉ እሺ ይላል፤ የቤት ሥራው እንዳልጠቀመው አይናገርም፤ ሌላ ኮች ማየትን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ልምድ ያለው ኮች ይህን ስለሚያውቅ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ዛሬ የማይጠቅም የነበረው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ሳይቀየም ይቀበላል። ይህ ጥያቄ በሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜዎች ሳይነሣ ከቀረ ምሩቁ ራሱ ሊያነሣው ይችላል፤ ፊት ለፊት መናገር ከከበደውም በጽሑፍ ያድርገው።

ክፍያው ከአቅም በላይ ለሆነበት ምሩቅ የመጀመሪያው በር የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከላት አሏቸው፤ አገልግሎታቸው በጥራት የሚለያይ ቢሆንም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ለቀድሞ ተማሪዎችም ክፍት መሆኑን ቀርቦ መጠየቅ ይገባል። ሁለትና ሦስት የክፍል ጓደኛሞች በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ተሰባስበው የፓርሰንስን ሦስት ነጥቦች በጽሑፍ ቢሠሩ፣ እያንዳንዳቸው በሚፈልጉት መስክ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን አነጋግረው ቢመለሱና የተጻፈውን እርስ በርስ ቢተራረሙ፣ ከአምስቱ ወሳኝ ነገሮች አብዛኞቹን በሻይ ዋጋ ያገኟቸዋል።